የጓሮ ጥያቄ፦ ያለ አፈር፣ በባልዲ ውስጥ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በዲቪ ከመጣሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። አብሮኝ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ግን ዜግነቱን አግኝቷል። ሜሪላንድ ውስጥ ካናቢስ በቤት ማብቀል ስለተፈቀደ፣ ባዶ በሆነው ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለት ተክል ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ እናሳድግ ብለን 20 ሊትር የሚይዙ ሁለት ባልዲዎች፣ የኤልኢዲ መብራትና የአየር ፓምፕ ገዝተናል። ሁለታችንም እንዲህ ያለ ነገር ሠርተን አናውቅም። ከየት እንጀምር? ውሃውስ በየስንት ጊዜ ይቀየራል? ፒኤችና ኢሲ የሚባሉትን መለኪያዎች የግድ መግዛት አለብን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ውሃውና ስለ ሥሩ የጠየቅኸውን ሁሉ በደስታ እመልስልሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን በባልዲው ውስጥ የምትተክለውን ነገር እንድትለውጥ አጥብቄ እለምንሃለሁ።

ስለ ሜሪላንድ ሕግ ያልከው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው በመኖሪያ ቤቱ ካናቢስ ማብቀል ይችላል። በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩት አዋቂዎች ስንትም ቢሆኑ ቁጥሩ ከሁለት ተክል አይበልጥም፤ ከሰው ዕይታና ከልጆች እጅም የራቀ መሆን አለበት። አከራይህም በውሉ ላይ ሊከለክል ይችላል። ይህ ሁሉ ግን የሜሪላንድ ሕግ ነው። አንተ ዜግነት የምትጠይቀው ከፌዴራል መንግሥት ነው፤ በፌዴራል ሕግ ደግሞ ካናቢስ በቤት ማብቀል ዛሬም ወንጀል ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ድርጊቱ በክፍለ ግዛቱ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ ለዜግነት በሚጠየቀው መልካም ሥነ ምግባር ላይ እንቅፋት እንደሚሆን በግልጽ አስቀምጧል። ከአንድ ዓመት በኋላ የምትሞላው ኤን 400 የተባለው የዜግነት ማመልከቻ ደግሞ፣ በሕይወት ዘመንህ የተከለከለ ዕፅ ሸጠህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ብቻ አያልፍህም፤ አልምተህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ይጠይቅሃል። በመሐላ የሚሞላ ቅጽ ነው። እውነቱን ብትናገር ጉዳት አለው፤ ብትዋሽ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው። ከአገር ወጥተህ ስትመለስ በአየር ማረፊያ የሚነሣው ጥያቄም ያው ነው።

«ተክሉ የአክስቴ ልጅ ነው» የሚለው መልስም አያዋጣህም። ዕቃውን አብራችሁ ገዝታችኋል፤ ቤቱም የሁለታችሁ ነው። እስካሁን የሆነ ነገር ካለ ቅጹን ከመሙላትህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር። ይህን የምልህ ልመክርህ ብቻ ብዬ አይደለም፤ በዲቪ የመጣ ሰው የከፈለውን ዋጋ ስለማውቅ ነው። እናት አገር ቤት ልጄ ይወስደኛል ብላ ትጠብቃለች። ይህን ሁሉ ለሁለት ተክል ብለህ አደጋ ላይ አትጣለው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያነቡን ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ማልማቱንም ጭምር እንደሚከለክል ይወቁ።

አሁን ወደ ባልዲህ እንምጣ። የገዛኸው ዕቃ አንዱም አይባክንም። በሶብላ ትከልበት፤ በሁለተኛው ባልዲ ሰላጣ ትከል። የማዳበሪያውን ውሃ ማመጣጠን፣ ሥሩን መጠበቅ፣ መብራቱን መቆጣጠር ለየትኛውም ተክል ጥበቡ አንድ ነው፤ በሶብላና ሰላጣ ግን ጀማሪን ይታገሣሉ፣ ቶሎም ይደርሳሉ። ለበርበሬና ለሽሮ የሚሆነውን በሶብላ እዚህ በውድ ዋጋ የምትገዛ እናት ሁሉ ትመርቅሃለች።

ዘሩን ከሐበሻ ሱቅ ከምትገዛው የደረቀ በሶብላ ራስ ላይ አርግፈህ ሞክረው፤ ብዙ ካልቆየ የሚበቅል ታገኝበታለህ። ትንሿን ጥቁር ዘር ውሃ ሲነካት ወዲያው ዙሪያዋን ግራጫ የሆነ ልዝብ ነገር ይሸፍናታል። ተበላሸ ብለህ እንዳትጥላት፤ እርጥበት የምትይዝበት ዘዴዋ ነው። ሮክዉል የሚባለውን፣ ከድንጋይ ክር የተሠራ ስፖንጅ መሰል ትንሽ ኩብ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 5.5 በሆነ ውሃ ነክረህ፣ ሁለት ሦስት ዘር በላዩ አድርግና በክፍሉ ሙቀት አቆየው። ሲበቅሉ ጠንካራዋን ትተህ ሌሎቹን በመቀስ ቁረጣቸው፤ ከነቀልካቸው የቀሪዋን ሥር ይዘው ይወጣሉ። ሥሯ ከኩቡ ሥር ብቅ ሲል ቀዳዳ ባላት የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ አድርገህ በባልዲው ክዳን ላይ አስቀምጣት።

ባልዲው ብርሃን የማያሳልፍ መሆን አለበት። የማዳበሪያ ውሃ ብርሃን ካገኘ አልጌ ይይዘዋል፤ አልጌው ደግሞ የተክሉን ምግብም የሥሩን አየርም ይሻማል። ባልዲህ ነጭና ስስ ከሆነ በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልለው፤ ክዳኑ ላይ ያለውን ትርፍ ቀዳዳም ድፈነው። ፓምፑን ደግሞ ከውሃው ከፍታ በላይ አስቀምጠው። መሬት ላይ ካስቀመጥከው መብራት በጠፋ ጊዜ ውሃው በቱቦው ተስቦ ወደ ፓምፑ ይገባል፤ ከዚያ የሚመጣው የወለል ጎርፍ ወይም የኤሌክትሪክ አደጋ ነው።

መለኪያዎቹን ግዛ። የፒኤች መለኪያው ውድ ከሆነብህ በጠብታ የሚሠራው ርካሽ መመርመሪያ ይበቃሃል። ኢሲ መለኪያውን ግን አትለፈው፤ ውሃው ውስጥ የሟሟው ማዳበሪያ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግርህ እሱ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ምንም ያልተጨመረበትን የቧንቧ ውሃ ለካ። 0.3 ካለህ (የኢሲ ቁጥሮቼ ሁሉ በሚሊሲመንስ በሴንቲ ሜትር ናቸው) ማዳበሪያው የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። ለችግኝ እስከ 0.8፣ ላደገ በሶብላ ከ1.2 እስከ 1.6፣ ለሰላጣ ከ0.8 እስከ 1.2 ጥሩ ነው። ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 6.5 መካከል ይሁን። ከዚያ በላይ ሲወጣ ብረት በውሃው ውስጥ እያለ ተክሉ ሊወስደው አይችልም፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። ቢጫ የሆነው የታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ናይትሮጅን ጎድሎታል።

ማዳበሪያው በሁለት ወይም በሦስት ጠርሙስ ተከፋፍሎ የሚሸጠው በምክንያት ነው። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት በዝዋይ የጽጌረዳ ግሪንሀውስ ውስጥ ስሠራ፣ «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉ ሁለት በርሜሎች ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ካልሲየሙ በአንዱ፣ ሰልፌቱና ፎስፌቱ በሌላው ነው። ሳይበረዙ ከተገናኙ ካልሲየሙ ከሰልፌቱና ከፎስፌቱ ጋር ተጣብቆ ነጭ ደለል ሆኖ ይቀመጣል፤ ደለሉ ቧንቧ ይዘጋል እንጂ ተክል አይመግብም። ስለዚህ ባልዲውን በውሃ ሞልተህ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ጨምር፣ አማስለው፣ ከዚያ ሁለተኛውን ጨምር። ሁለቱን በአንድ ኩባያ ውስጥ በፍጹም አታገናኛቸው። ፒኤቹን የምታስተካክለው ሁሉም ከገባ በኋላ ነው።

ውሃው በየስንት ጊዜ ይቀየራል ላልከው፣ ለጀማሪ በየሁለት ሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ ደኅና ነው። ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ግን ባልዲውን ማንበብ ብትለምድ እመርጣለሁ፤ የዚህ ሥራ ደስታውም እዚያ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት የውሃውን ከፍታና ኢሲውን አንድ ደብተር ላይ ጻፍ። ውሃው ቀንሶ ኢሲው ከፍ ካለ ተክሉ የጠጣው ውሃውን ነው፤ ያዘጋጀህለት ምግብ በዝቶበታል ማለት ነውና ንጹሕ ውሃ ጨምርለት። ውሃውም ኢሲውም አብረው ከቀነሱ ርቦታል፤ ማዳበሪያ ጨምር። ውሃው ቀንሶ ኢሲው ባለበት ከቆመ ልኩን አግኝተሃል። ፒኤቹ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ አትደንግጥ፤ ተክሉ ናይትሬት ሲወስድ የሚሆነው ነው። የቆመ ውሃ፣ ያልቀነሰ ኢሲና የጠወለገ ቅጠል አንድ ላይ ካየህ ግን ክዳኑን አንሥተህ ሥሩን ተመልከት።

ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም የወተት መልክ ያለው ነው፤ ስትነካው ጠንከር ይላል፤ መጥፎ ሽታም የለውም። የታመመው ቡናማ፣ የሚያሟልጭና የሚሸት ነው። አንዱን ሥር በሁለት ጣትህ ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ታች ሳበው። ውጫዊው ሽፋን እንደ እጅጌ ተገፎ ከወጣና በውስጡ ቀጭን ክር ብቻ ከቀረ፣ ፒቲየም የተባለው የሥር አበስባሽ ገብቶበታል። ይህ ተሕዋስ የሚወደው ሞቃትና አየር ያነሰው ውሃ ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር እስከ 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ላይ ወደ 7.5 ይወርዳል፤ ሥሩ ደግሞ በሞቀ ቁጥር የሚፈልገው አየር ይጨምራል። ስለዚህ ውሃህን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውስጥ ያዘው። መብራት ያለበት ዝግ ቁም ሣጥን ቶሎ ይሞቃል፤ በሩን ክፍት አድርግ፣ ባልዲውንም ከማሞቂያው አርቅ። ፓምፑ ሌሊትም አይጠፋም። ሥሩ ከተበላሸ ግን መድኃኒት ፍለጋ አትድከም፤ ተክሉን ጣለው፣ ባልዲውንና ቱቦውን በበረኪና አጥበህ በደንብ አለቅልቀውና እንደገና ጀምር።

ኤልኢዲውን ከቅጠሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ በታይመር ለ16 ሰዓት ይብራ። ግንዱ እየቀጠነ ከተመዘዘ አውርደው፤ የላይኛው ቅጠል ከገረጣና ከተጠቀለለ ከፍ አድርገው። በሶብላው ሦስተኛውን ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቁረጠው፤ ጎን ለጎን ይሰፋልሃል። ለቅመም የሚፈለገው የአበባው ራስ ስለሆነ በኋላ እንዲያብብ ተወውና ዘር ሲይዝ ቆርጠህ በጥላ አድርቀው። ጤና አዳምን ግን በባልዲ አትሞክረው፤ ሥሩ ደረቅ ያለ መሬት ይወዳል፤ በአፈር፣ ውሃ በሚያፈስስ ማሰሮ ውስጥ ይደግ። በፀሐይ ስትነካካውም ጓንት አድርግ፤ ፈሳሹ ከፀሐይ ጋር ቆዳ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ ነው የምጽፈው። ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን በረንዳው ጠባብ ነው። ሰላጣ ያለ አፈር በውሃ ይበቅላል ሲባል ሰምቼ ልሞክር ፈለግሁ፤ ግን መብራት ይጠፋል፣ ውሃም በፈረቃ ስለሚመጣ ከሮቶ ነው የምንጠቀመው። ወንድሜ ገበሬ ስለሆነ ዩሪያና ዳፕ ይሰጠኛል። እሱን በውሃ አሟሙቼ ብጠቀም ይሆናል? የሦስት ልጆች እናት ነኝ።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ለእርስዎ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጥሩ ዘዴ አለ። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቁት ሲሆን ፓምፕም መብራትም አይፈልግም። አራት ሊትር ገደማ የሚይዝ ክዳን ያለው ዕቃ ለአንድ ሰላጣ ይበቃል። የማዳበሪያውን ውሃ የኩባያዋን ታች እስኪነካ ይሞሉታል፤ ችግኟን ያስቀምጣሉ፤ ይተዉታል። ሰላጣው እየጠጣ ውሃው ሲወርድ፣ በክዳኑና በውሃው መካከል ባዶ ቦታ ይፈጠራል። በዚያ ባዶ ቦታ የቀረው የላይኛው ሥር አየር መውሰድ ይለምዳል፤ የታችኛው ውሃና ምግብ ይስባል። ውሃው ቀነሰ ብለው አዝነው እስከ አፉ እንዳይሞሉት፤ አየር የለመደው ሥር ታፍኖ ተክሉ ይጠወልጋል። ጨርሶ ሊያልቅ ከደረሰ ከታች ጥቂት ብቻ ይጨምሩ።

ዩሪያውን ግን ይተዉት። ዩሪያ እርሻ ላይ የሚሠራው በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒየም፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ስለሚለውጡት ነው። እርስዎ ዕቃ ውስጥ አፈር የለም፤ ባክቴሪያዎቹም በበቂ መጠን የሉም። ዳፕም ናይትሮጅኑ በሙሉ አሞኒየም ነው፤ ብቻውን ሲሆን ሥር ይጎዳል፤ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየምም የለውም። ወንድምዎ ማሳው ላይ ይጠቀምበት፤ እዚያ ወርቅ ነው። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ለግሪንሀውስ የሚሸጠው፣ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟው ነው፦ ካልሲየም ናይትሬት ለብቻው፣ ሌሎቹን ንጥረ ነገሮችና ብረትን የያዘው ድብልቅ ለብቻው። ካልሲየም ናይትሬት በ25 ኪሎ ከረጢት ስለሚሸጥ ለአንድ ቤት እጅግ ይበዛል፤ ጎረቤቶች ተሰባስባችሁ ብትካፈሉት ይሻላል። ከረጢቱ እርጥበት እንዳይነካው በደንብ ይታሠር፤ ከአየር ላይ ውሃ ስቦ ይቀልጣል። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት።

የሮቶ ውሃ ችግር የለውም፤ ክሎሪኑ ሲቆይ ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ውሃ ግን እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ለስላሳ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጀበናዎ ወይም ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቶሎ የሚጋገር ከሆነ ውሃዎ የሁለተኛው ዓይነት ነው። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች ለጊዜው ያወርዳል፤ ጥቃቅን ተሕዋስያን ስለሚበሉት ግን ከቀናት በኋላ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ የሚሸጥ ፎስፎሪክ አሲድ በጠብታ መጠቀም ይሻላል፤ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ አሲድ አይጨምሩ። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የወጣ አሲድ የሚመክርዎ ቢኖር እንቢ ይበሉ፤ እርሳስ አለበት፣ እርሳሱም ልጆችዎ የሚበሉት ቅጠል ውስጥ ይገባል።

ኩባያዋን ለመሙላት የውጭ ዕቃ አይፈልጉ። ዝዋይ አካባቢ ጽጌረዳው የሚቆምበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በየግንባታው ሠፈር ይገኛል። ሽንብራ የሚያካክሉትን መርጠው አቧራው እስኪለቅ ደጋግመው ያጥቡት። ዕቃውን ከውስጥ ጥቁር፣ ከውጭ ነጭ ያድርጉት፤ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ጥቁር ዕቃን በአንድ ሰዓት ያሞቀዋል። የከተማዎ አየር ለሰላጣ የተፈጠረ ነው። ሰላጣውን ሳይነካኩት እንዲያድግ መተው ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ፤ ከተተከለ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ የውጪዎቹን ቅጠሎች መቁረጥ ይጀምራሉ።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ቤት ውስጥ በውሃ የማሳድገው ሰላጣ መሐሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ቅጠሎች ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ ይቃጠላል። የካልሲየም እጥረት ነው ተብዬ ካልሲየም ብጨምርም አልተሻለውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። የጎደለው ካልሲየም ነው፤ የጎደለው ግን ከውሃው ሳይሆን ከቅጠሉ ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ቅጠሉ ውሃ ሲያተን ከሚሳበው ጋር ብቻ ነው። የተጠቀለሉት የመሐል ቅጠሎች ዙሪያቸው የቆመና እርጥብ አየር ስለሆነ አያተኑም፤ ስለዚህ ካልሲየሙ ወደ ትልልቆቹ ይሄዳል። ሲጨምሩበት ኢሲው ከፍ ስለሚል ተክሉ ውሃ መሳብ ይበልጥ ይከብደዋል፤ ችግሩም ይብሳል።

የጨመሩትን ያቁሙና ኢሲውን ወደ 1.0 ያውርዱ። ትንሽ ማራገቢያ ገዝተው ነፋሱ በቀጥታ ወደ ተክሉ መሐል፣ ቅጠሎቹን ቀስ ብሎ እንዲያንቀሳቅስ ያድርጉ። መብራቱ በቀን ከ16 ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ይቀንሱለት፤ ሰላጣው ካልሲየም ከሚደርሰው ፍጥነት በላይ እያደገ ነው። የተቃጠለው ጫፍ አይመለስም፤ ከዚህ በኋላ የሚወጡትን አዳዲስ ቅጠሎች ይመልከቱ። ካልተሻለው ዘሩን ቀይሩ፤ ቅጠሉ የማይጠቀለለው ዓይነት ሰላጣ በዚህ ችግር እምብዛም አይያዝም።